በአንድ ሰሌን

ብሎምፎንቴይን፣ ደቡብ አፍሪካ
ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ ደብሪቱ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የፈጣሪ ሰላም ከነቤትዎ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህች ደግሞ ማን ናት ይሉ ይሆናል። የታናሽ እህትዎ የእማማ የሺ የልጅ ልጅ፣ የዓለምወርቅ ነኝ። ዳባት ተወልጄ ጎንደር ስላደግሁ በደንብ አያውቁኝም፤ ያዩኝም በእማማ የሺ ተዝካር ላይ ነው፤ ያን ቀን ጠላ ስቀዳ እንስራውን የሰበርኩት ልጅ እኔ ነኝ።

እዚህ የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ከማስታምማቸው መካከል ወይዘሮ ኤልሲ የሚባሉ የዘጠና አራት ዓመት ነጭ ሴት አሉ። ባለፈው ሰሞን ፀጉራቸውን ሳበጥር አገሬን ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ከኢትዮጵያ ከየት አሉኝ። ጎንደር አልኳቸው፤ ከዚያ ወዲያ ብናገር የሚያውቁ አልመሰለኝም ነበር። እጄን ለቀም አድርገው ይዘው «ደባርቅ» አሉ። እኛ እንደምንጠራት ጥርት አድርገው። ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ።

ሄንድሪክ የሚባል ወንድም ነበራቸው፤ የጦር አውሮፕላን አብራሪ። በጣሊያን ጊዜ ከእንግሊዝ ጦር ጋር መጥቶ ወልክፊት ላይ ሲዋጋ አውሮፕላኑ ደባርቅ አካባቢ ወደቀ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ለእናቱ የደረሳት ቴሌግራም «ወዲያው ሞቷል፤ አልተሠቃየም» ይላል። የት እንደተቀበረ ግን የነገራቸው የለም። ወይዘሮ ኤልሲ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ።

እማማ የሺ እናንተ ማሳ ላይ ስለወደቀ ፈረንጅ ስታወራ ሰምቻለሁ። ተረት ይመስለኝ ነበር። እውነት ነው እንዴ? እውነት ከሆነ ሴትዮዋ የሚፈልጉት የት እንዳለ ማወቅ ብቻ ነው። ሌላ ምንም አይጠይቁም።

ልጅዎ ባዘዘው፣ ስልክ ለጆሮዎ እንደማይሆን ነግሮኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ መስመሩ ራሱ ጠፋ። ደብዳቤዬ በመንገደኛ እጅ ጎንደር ይደርሳል፤ ከጎንደር እንግዳው የሚባለው የአውቶብስ ሾፌር ያመጣልዎታል። መልስዎንም ለእሱ ይስጡት።

ጉልበትዎን ስሜ፣
የዓለምወርቅ


ደባርቅ
ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለየዓለምወርቅ፣

እንደምን ከርመሻል? ኪዳነምሕረት በሄድሽበት ሁሉ ጥላ ትሁንሽ። እኔ አለሁ። ጆሮዬ ቢከዳኝም ዓይኔ አልከዳኝም፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እየተቆጡ ያስተማሩኝ ፊደል ይኸው ለአንቺ ዋለ። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ ታገሺ። እንስራውንም አልረሳሁትም፤ የጎረቤት እንስራ ነበር።

የሺ ተረት አላወራችሽም። እውነት ነው። የሰኔ ዝናብ ገና እየጀመረ ነበር። እኔ ሰባት ዓመት ገደማ ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ያኔ ከቡይት ራስ በታች ነበር፤ ገብሳችን ላይ ነው የወደቀው። ሰው ሁሉ ሲሸሽ ወንድሜ ገሠሠ ወደ እሳቱ ሮጠና ጎትቶ አወጣው።

ቴሌግራሙ ዋሽቷል። ሰውየው ወዲያው አልሞተም፤ ከሳምንት በላይ እቤታችን ኖሯል። እናቴ ቃጠሎውን በማርና በለጋ ቅቤ እየቀባች፣ ወተት በጨርቅ እያጠባች አኖረችው። አንድ ነገር ያስቸግረኝ ነበር። እኔ ወደ መደቡ ስጠጋ ያለቅሳል። ያጠፋሁ እየመሰለኝ ወደ ደጅ እሮጣለሁ። ለካ የእኔን የምታህል እህት ነበረችው! ሰማንያ ሦስት ዓመት ሙሉ እኔን ጠልቶ መስሎኝ ኖርኩ።

መቃብሩ ኪዳነምሕረት ቅጽር ውስጥ፣ ከደጀ ሰላሙ በስተምሥራቅ ካለው ጽድ ሥር ነው። በየዓመቱ ትንሽ ዝክር እናደርጋለን። ገሠሠም ብዙ አልኖረም።

ለሴትዮዋ የትኛውን እንደምትነግሪያትና የትኛውን እንደምትተይ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ፊቷን አላይ፤ አንቺ ታያለሽ።

የማንበቢያ መነጽር ብታገኚ ላኪልኝ። ዓይኔ አልከዳኝም ያልኩሽ ትንሽ ጉራ ነው።

አክስትሽም አያትሽም፣
ደብሪቱ


ብሎምፎንቴይን
ነሐሴ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእማማ ደብሪቱ፣

የእናት አምላክ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት። መነጽሩን አብሬ ልኬያለሁ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። መደበቅ አቃተኝ። ከሳምንት በላይ ኖሯል ስላቸው ብርድ ልብሱን ስበው ቀኑን ሙሉ ተኙ፤ የሞቱ መስሎኝ እየሄድኩ ትንፋሻቸውን አዳምጥ ነበር። በማግስቱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ምን መሰለዎት? «ምን ይበላ ነበር?» ወተት ስላቸው ሳቁ፤ ልጅ ሆኖ ወተት ሲያይ አፍንጫውን ይይዝ ነበር አሉ። ከዚያ አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። አለቃዬ መጥታ ሥራ ላይ ነሽ ወይ ለቅሶ ላይ አለችኝ።

አሁን ግን የሚፈልጉት ተለውጧል፤ እንዳይቆጡኝ። የእናታቸው መቃብር እዚህ ከተማ ነው። ከጎኗ የሄንድሪክ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ቆሟል፤ ሥሩ ግን ባዶ ነው። እናቲቱ ወንድምሽን አምጪልኝ እያለች ነው የሞተች። የወይዘሮ ኤልሲ ልጅ ፍራንስ መጥቶ አፅሙን ሊወስድ ተዘጋጅቷል፤ ከኤምባሲ የሚያስፈልገውን ሁሉ እሱ ይጨርሳል። ከእርስዎ የሚለምኑት የቤተ ክርስቲያኑን ፈቃድ ብቻ ነው።

ልባቸው ደክሟል። ሐኪሙ ዓመቱን ይጨርሳሉ ብሎ አያስብም። እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ፣
የዓለምወርቅ


ደባርቅ
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

የዓለምወርቅ ልጄ፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ ጽሕፈቴ ግን ዘገየ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር ብልሽ እውነት ነው። አጨዳ ነበር ብልሽም እውነት ነው። እንግዳው ግን ሁለቴ መጥቶ «እማማ፣ መልስ የለም?» ብሎኝ ባዶ እጁን ሸኝቼዋለሁ። የጻፍኩትን እየቀደድኩ ነበር የከረምኩት።

እንግዲህ ስሚኝ።

ባንዶቹ ፈረንጁን ፍለጋ ቤት ለቤት መፈተሽ ያዙ። የሸሸገው ሰው ቤቱ ይቃጠላል ተባለ። ገሠሠ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጺሙ እንኳ አልወጣም። «ይህን ሰውዬ ለወገኖቹ ማድረስ ያለብኝ እኔ ነኝ» አለ። አርበኞቹ ከገደሉ ማዶ ነበሩ፤ እንግሊዞቹም ከእነሱ ጋር ሰው ነበራቸው። ሲነጋጋ በጀርባው አዝሎት ወጣ። ጭጋጉ ይሸፍነናል ብሎ ነበር፤ ጭጋጉ ተገለጠ። ከኋላ የተተኮሰች አንዲት ጥይት ፈረንጁን አልፋ ወንድሜን ወጋች። አንድ ላይ ወደቁ።

ሬሳቸውን ሰዎች አመጡልን። አለቃ ሰይፈ ሥላሴ የሚባሉ ካህን ነበሩ፤ ክፉ አልነበሩም፤ ሥርዓት አክባሪ ነበሩ። «ልጅሽን እቀብራለሁ፤ ይህ ግን ምን እንደሚያምን አናውቅም፤ ቅጽር ውስጥ አይገባም፤ ከውጭ ይቀበር» አሏት እናቴን። እናቴ እቤት ገብታ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኛቻቸው፤ በአንድ ሰሌን ጠቀለለቻቸው፤ በጠፍርም ሰፋችው። አሸክማ አመጣችና «ልጄ ይኸው። ሌላ ሰው አለበት ካሉ እርስዎ ይፍቱትና ይለዩት» አለቻቸው። አለቃ ሰሌኑን አልነኩም። የወንድሜን የክርስትና ስም ብቻ እየጠሩ ፈቱ፤ ሁለቱም በአንድ ጉድጓድ ገቡ።

ስለዚህ ለሴትዮዋ ወንድሟን ልስጣት ብል እንዴት አድርጌ? የማን ክንድ የማን እንደሆነ ማን ይነግረኛል? እኔ ገሠሠን የማገኘው እዚያ ጽድ ሥር ብቻ ነው። ባሌን ቀበርኩ፣ እህቴን የሺን ቀበርኩ፤ በልጅነቴ የቀበርኩት ግን እሱን ነው። እንደሱ የሚያም አላየሁም።

ይህን ንገሪያት። ታስተውለዋለች።

ደብሪቱ


ብሎምፎንቴይን
ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ ደብሪቱ፣

መጽናናት ይስጥዎ እንዳልል ስንት ዘመን ዘገየሁ! ይህን ሁሉ ይዘው ለማንም ሳይናገሩ መኖርዎ ገረመኝ። እማማ የሺም አልነገረችኝም።

ለወይዘሮ ኤልሲ ነገርኳቸው። ስለ ጥይቷ ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስለ ሰሌኑ ስነግራቸው ግን ብድግ ለማለት ሞከሩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልቆሙ ሴት። «እናትየዋ ማን ትባላለች?» ብለው ስሟን አስጻፉኝ።

የሚቀጥለውን ሁለቴ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። «እንግዲያው ሁለቱም ይምጡ» አሉ። «የማይለዩ ከሆነ አይለዩ። ሁለቱንም ከእናቴ ጎን አሳርፋቸዋለሁ፤ ድንጋዩ ላይ የገሠሠንም ስም አጽፋለሁ» አሉ። ክብር መስጠታቸው ነው እማማ። ክፋት የለበትም። ምን እንደሚጠይቁ የገባቸው አይመስለኝም። እኔም ላስረዳቸው አልቻልኩም፤ ደስ ብሏቸው ነበርና።

ፍራንስ የመጋቢት ቲኬት ሊቆርጥ ነው። ምን ልበላቸው?

የዓለምወርቅ


ደባርቅ
ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየዓለምወርቅ፣

እንኳን ለጌታችን ልደት አደረሰሽ።

ወንድሜ አገር የለውም እንዴ? እዚህ ታች ያለችውን ድብ ባሕርን አልፎ የማያውቅ ልጅ በማያውቀው ከተማ፣ በማያውቀው ቋንቋ ሊተኛ? የእሷ እናት ባዶ መቃብር ካስጨነቃት የእኔ እናት መቃብርስ ከጽዱ ሥር ከልጇ አጠገብ አይደለም ወይ? እሷን ለማን ትቼ?

አይሆንም በያት። አንቺም ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።

ደብሪቱ


ብሎምፎንቴይን
ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ እማማ ደብሪቱ፣

ይቅር ይበሉኝ። መጠየቅ አልነበረብኝም።

መልስዎን አነበብኩላቸው፤ አለሳልሼ ነበር፤ ገባቸው። «እውነቷን ነው። እኔ ሰማንያ ዓመት ያጣሁትን እሷ አንድ ጥዋት ላይ እንድታጣው ጠየቅኋት» አሉ። አፅሙ ባለበት ይቆይ ብለዋል። ይቅርታዬን አድርሺልኝ አሉ። ሌላ ምንም አይፈልጉም።

ሌላ ምንም አይፈልጉም ስል ምግብም አይፈልጉም። ማንኪያውን ሳቀርብላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ትናንት ስለ ገሠሠ ጠየቁኝ፤ ቁመቱ፣ መልኩ፣ ይዘፍን እንደሆነ። ምንም አላውቅም አልኳቸው። አፈርኩ። ፍራንስ ቲኬቱን ገና አልሰረዘም፤ ልብ ያለው ሰው አይደለም፤ ገንዘቡ ስለማይመለስ ነው።

ይህን የጻፍኩት ሐሳብዎን ለማስቀየር አይደለም። የሆነውን እንዲያውቁ ነው።

የእርስዎው፣
የዓለምወርቅ


ብሎምፎንቴይን
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማማ፣

ወይዘሮ ኤልሲ ዛሬ ጠዋት አረፉ። እኔ ነበርኩ ከጎናቸው። ውሃ አጠጥቼ ትራሱን ሳስተካክል እጃቸው ከእጄ ላላ። መጨረሻ ላይ የተናገሩት በቋንቋቸው ነው፤ ምን እንዳሉ አላወቅሁም።

ፍራንስን ስለ ጉዞው ጠየቅሁት። «ለእናቴ ብዬ ነበር። አሁን አፅሙን ለማን አመጣዋለሁ?» ብሎኝ ሄደ። ከእናታቸው ጎን ያለው ቦታም ለእሳቸው ይሆናል ተብሏል።

እማማ፣ ምናልባት፣ እንዲያው ምናልባት ልብዎ ራርቶ ከሆነ፣ መቃብሩን አያስከፍቱት። የሚመጣ ሰው የለም። መስመሩ እንደተዘጋ ነው፤ ደጋግሜ ደወልኩ። ይህ ወረቀት ቶሎ እንዲደርስዎ ዛሬውኑ ለሚሄድ ሰው እሰጣለሁ።

የዓለምወርቅ


ደባርቅ
የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየዓለምወርቅ፣

እንኳን ለጾሙ አደረሰሽ። ጾሙን የበረከት ያድርግልሽ። ዛሬ የምጽፍልሽ ደስ ብሎኝ ነው፤ የዘጠና ዓመት ባልቴት ደስ ሲላት አይተሽ ታውቂያለሽ?

የጥር ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ተቀምጬ አሰብኩ። ኤልሲ ይቅርታ ጠየቀችኝ! ከእኔ ይልቅ እሷ ትልቅ ሰው ሆነች። አፍሬ እህል አልወርድልሽ አለኝ። ወንድሜ ያን ጥዋት ለምን ወጣ? ሰውየውን ለወገኖቹ ሊያደርስ አይደል? አላደረሰውም። ጀመረው እንጂ አልጨረሰውም። እኔ ደግሞ እዚህ ተቀምጬ አትሂድ ብዬ ይዤዋለሁ። ማን ነኝና? ይሂድ። አድርሶት ይረፍ።

ቄስ ዓለምብርሃንን አማከርኩ። አፅም ማፍለስ የአባቶች ሥርዓት ነው፤ ሀገረ ስብከቱ ፈቀደ። ከጾሙ መግቢያ በፊት ባዘዘውና የሰፈሩ ሰዎች ቆፈሩ። ሰሌኑ አፈር ሆኗል፤ ጠፍሩ ብቻ ቀርቷል። የአንዱ ክንድ ከሌላው ደረት ሥር ገብቶ ነበር። ማን ማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። እኔ በእጄ ለቀምኳቸው፤ በወይን ጠጅ አጠብኳቸው፤ በአንድ አቡጀዴ ጠቀለልኳቸው። ሳጥኑ የጽድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ተቀምጧል። አይከብድም፤ ሁለት ሰው አይመስልም።

አሁን ፍራንስ ይምጣ። ባዘዘው ጎንደር ድረስ ወርዶ ይቀበለዋል። ኤልሲን ግን እንዲህ በያት፤ ገሠሠ ረጅም ነበር፤ ጥርሱ ፍንጭት ነበር፤ ይዘፍናል ወይ ላለችው፣ ኧረ ድምፁ የአህያ ነበር፤ ዘፈን ሲጀምር እናቴ እንጨት ልቀሙ ብላ ታስወጣን ነበር። ይህን ስትሰማ ትበላልሽ ይሆናል። ጠንክሪ በያት። ትንሽ ብቻ ትቆይልኝ። ወንድሟ መንገድ ላይ ነው።

ስሙ በድንጋይ ሲቀረጽ እንዳይሳሳቱ፤ ገ፣ ሠ፣ ሠ፣ ንጉሡ ሠ ነው።

እንግዳው መንገዱ እስኪከፈት ጎንደር ቀርቷል አሉ። ይህን በሌላ ሰው እልካለሁ።

ደብሪቱ


ደባርቅ
ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

የዓለምወርቅ ልጄ፣

በትንሣኤው ብርሃን ልብሽን ያጽናው። ያንቺን ለቅሶ እኔ ሳልደርስልሽ ቀረሁ።

የካቲት የጻፍሽው ደብዳቤ የደረሰኝ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው። እንግዳው ጎንደር ታግዶ ስለነበር ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ከርሟል። ሲሰጠኝ ፊቱ ደስ አላለኝም፤ እንዳላነበበው አውቃለሁ፤ የሰው ፊት ግን አንዳንዴ ያውቃል።

አንብቤ ስጨርስ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ዕቃ ቤቱን አስከፍቼ ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ከፈጣሪ ጋር ተጣላሁ። አንድ ጊዜ ሳልሰጥ ቀረሁ፤ ልስጥ ስል ደግሞ ተቀባይዋን ወሰድክ አልኩት። ቄስ ዓለምብርሃን ሰምተው ንስሐ ግቢ አሉኝ። እገባለሁ። ግን ያልኩትን ያልኩት ከልቤ ነው።

ወደ ቦታቸው መለስናቸው። አዲስ ሰሌን ባዘዘው ከጎንደር አስመጣ። ቄሱ ፍትሐቱን አደረሱ፤ የወንድሜን የክርስትና ስም ጠሩ። የሁለተኛው ሟች ስም የሚጠራበት ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ሆን ብለው ነው፤ ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር። እኔ ገባኝና «ሄንድሪክ» አልኩ። ከፍ አድርጌ። አለቃ ሰይፈ ሥላሴ ያልጠሩትን ስም ጠራሁት። ማንም አልከለከለኝም።

እቤቴ ስመለስ ግን ማልቀስ አቃተኝ። ለገሠሠ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ለፈረንጁም እንደዚያው። የቀረችው ኤልሲ ናት። እሷን ማን አለቀሰላት? ልጇ ለማን አመጣዋለሁ ብሎ ሄደ አልሽኝ። ይህንን ሳስብ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደጄ ላይ ምንጣፍ አስነጠፍኩ። ጎረቤት ሁሉ እየተጠራራ መጣ። «ማን ሞተብሽ?» አሉኝ።

«እህቴ» አልኳቸው።

የሺን ስንቀብር የነበሩ ሴቶች ናቸው፤ ተያዩ። ሌላ እህት አልነበረሽም አላሉኝም። ተቀመጡ። ለቅሶ ላይ ደግሞ ስለ ሟች የሚነገር ያሻል፤ እንዴት ያለች ደግ ነበረች፣ እጇ እንዲህ ነበር፣ መልኳ እንዲያ ነበር ይባላል። እኔ ግን ድምፅዋን አልሰማሁ፣ ፊቷን አላየሁ። ከሕይወቷ የማውቀው ወንድሟን ስትጠብቅ መሞቷን ብቻ ነው። ያንኑ ነገርኳቸው። ሴቶቹ አለቀሱላት።

ደብሪቱ